ከትምህርት ቤት ደጅ እስከ ሥራ ቤት ደጅ

ትምህርት ሰውን ከድንቍርና አውጥቶ ለራሱ፥ ለቤተ ሰቡና ለአገሩ የሚጠቅም እንዲሆን የሚያደርገው መሆኑን የማይመሰክር የለም። ነገር ግን ገበሬ ዘር የሚዘራው ቡቃያውን አይቶ ለመደሰት ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፥ ተማሪም ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ብቻ አይደለም። አዝመራው ጐተራ ካልገባ የክረምቱ ድካም ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን፥ የተማረውም ሰው በተማረው ካልሠራበትና እንጀራውን በላቡ ካልበላ፥ ያስተማረው ወገንም የተማረው ሰውም የድካማቸውን ዋጋ አላገኙም ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለተማሪ ሁሉ የሚሆን ቢሆንም፥ ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ስለ አንድ ወገን ነው፤ ይኸውም ማየት ወይም መስማት ስለ ተሳናቸው፥ እጃቸው ወይም እግራቸው ስለ ተጐዳ፥ ወይም አእምሮአቸው ትምህርትን እንደ እኩዮቻቸው ፈጥኖ ስለማይቀበል ተማሪዎች ነው። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት መግባት እንደሚገባቸው ዛሬ የሚክድ ሰው ጥቂት ነው። ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲወጡ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ሰውም እንደዚሁ ጥቂት ነው።

በአገራችን በዚህ ረገድ የተሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። በሰበታ የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብዙ ዓይነ ስውራንን አስተምሮ ለመምህርነትና ለልዩ ልዩ አገልግሎት አብቅቷል። መስማት ለተሳናቸውም በአዲስ አበባ፥ በሆሳዕናና በሌላም ስፍራ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ፥ አካል ጉዳተኛው ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እንዲማር መንገድ ከፍቷል። ሆኖም የሚቀረው ከተሠራው እጅግ ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በመላው አገር ከ860 ሺህ የሚበልጡ አካል ጉዳተኞችን መዝግቧል፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአንድነት ባወጡት መግለጫ፥ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የአጠያየቁ መንገድ ልዩ ልዩ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ምክንያት ግን በየቤቱ ተሸሽጎ ለቈጣሪ የማይነገርለት ልጅ መኖሩ ነው።

እንግዲህ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት የደረሰው ልጅ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ዕድለኛ ተማሪ ትምህርቱን በፈጸመበት ቀን የሚያጋጥመውን ነገር እንመልከት። ትምህርት ቤቱ «እኔ አስተምሬያለሁ፤ ሥራዬን ጨርሻለሁ» ይላል። መሥሪያ ቤቱ «የተዘጋጀ ሰው ቢመጣልኝ እቀበላለሁ» ይላል። ቤተ ሰቡም ከርኅራኄ የተነሣ «ልጃችን ብዙ ደክሟል፤ አሁንስ ይረፍ፤ እኛ እንጦረዋለን» ይላል። ሦስቱም ክፉ አልተናገሩም፤ ነገር ግን በሦስቱ መካከል ያለውን ቦታ የያዘ ሰው ስለ ሌለ፥ ወጣቱ ማስረጃውን በብብቱ ይዞ ደጅ ሲጠና ዕድሜው ያልፋል። አንዳንዱም ፊደል በቈጠረባቸው እጆቹ ምጽዋት ለመቀበል ይገደዳል። ስለዚህ ጉድለቱ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው በትምህርት ቤቱ ደጅና በሥራ ቤቱ ደጅ መካከል ነው።

ይህን ጉዳይ እንደ አዲስ ነገር ልናየው አይገባም፤ አባቶቻችን በራሳቸው መንገድ አስበውበታልና። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውንም ቅኔውንም ትርጓሜውንም በቃሉ አጥንቶ ሊቅ ሲሆን፥ ኋላም ጉባኤ ዘርግቶ ሲያስተምር መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህም ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ትምህርቱ ከቃል ወደ ቃል የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ ዓይን ማጣት ከጉባኤ አላስቀረውም። ሁለተኛው ግን ከፊተኛው ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ ይኸውም ተማሪው ገና ትምህርቱን ሲጀምር፥ ሲፈጽም የሚቆምበት ቦታ የታወቀ መሆኑ ነው። ማኅሌቱም የመምህርነቱም ወንበር ይጠብቀዋል። ደግሞም የቆሎ ተማሪ ጐጆውን ቀልሶ፥ ምግቡን ራሱ ፈልጎ፥ ከአገር አገር ዞሮ የሚማር ስለ ሆነ፥ ከዕውቀቱ ጋር ኑሮን ተምሮ ይወጣል።

ከእኛም አስቀድሞ በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ፥ በአራት ዓመቱ ገደማ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ፥ በሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስም ይህን ሰው ስለ ዕውቀቱ በማድነቅ ብቻ አልተወውም፤ የዚያን ታላቅ ትምህርት ቤት መምህርነት ሰጠው እንጂ። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል፥ ዓይነ ስውራን ዛሬ በመላው ዓለም የሚያነቡበትን የነጥብ ጽሕፈት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም. አሳትሞ ያወጣው ከዲዲሞስ በኋላ 1400 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ጽሕፈቱ ለአማርኛም ተስማምቶ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ መሣሪያው ከቀድሞው እጅግ ተሻሽሏል፤ ከቅዱስ አትናቴዎስ ልንማር የሚገባን ግን የተማረውን ሰው በቦታው ማስቀመጥን ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዕውቀትን በማስፋት ከቀድሞው ቢልቅም፥ በዚህ በኩል የጐደለው ነገር አለ። በተለይ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ምግቡ ተዘጋጅቶ ይቀርብለታል፤ ልብሱ ይታጠብለታል፤ የሚነሣበትና የሚተኛበት ሰዓት በደወል ይነገረዋል። ይህ ሁሉ በበጎ አሳብ የሚደረግ ነው። ነገር ግን ይህ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ በከተማ ቤት ተከራይቶ ለመኖር በተነሣ ጊዜ፥ ታሪክንና ጂኦግራፊን አጥንቶ ሳለ፥ ወጥ መሥራትን፥ ብር ቈጥሮ መልስ መቀበልን፥ ብቻውን ታክሲ መሳፈርን ገና ይማር ዘንድ ግድ ይሆንበታል። በቤቱ ያደገውም ቢሆን እናቱ ከርኅራኄ የተነሣ ውኃ እንኳ እንዳይቀዳ ከልክላው ከሆነ ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ስለዚህ ዝግጅት የምንለው ምን እንደ ሆነ በየተራው እንዘርዝር።

አንደኛ፥ ስለ ዕለት ኑሮ ነው። ዓይነ ስውሩ ልጅ በነጭ በትር መሪ ሳይፈልግ መሄድን፥ ልብሱን ማጠብን፥ እሳት አንድዶ ማብሰልን፥ ገንዘቡን መያዝን ገና በልጅነቱ መጀመር አለበት። መስማት የተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋን አጥርቶ ከማወቁ ጋር፥ ከማናቸውም ሰው ጋር በጽሑፍ ለመግባባት እንዲችል ማንበብና መጻፍን ጠንቅቆ ይማር፤ ወላጆቹም የእርሱን ቋንቋ ይማሩ። በአንድ ቤት አድጎ ከአባቱ ጋር መነጋገር ያልቻለ ልጅ፥ ከሥራ አለቃው ጋር እንዴት ይነጋገራል?

ሁለተኛ፥ ስለ ሥራ ምርጫ ነው። ዓይነ ስውር ሲባል መምህር ወይም የሕግ ባለሙያ ብቻ፥ መስማት የተሳነው ሲባል አናጢ ወይም ልብስ ሰፊ ብቻ እያደረጉ ማሰብ ተለምዷል። እነዚህ ሥራዎች ሁሉ የተከበሩ ናቸው፤ ሌላውን በር መዝጋት ግን ተገቢ አይደለም። በብዙ ስፍራ ዓይነ ስውር ተማሪ ከሒሳብ ትምህርት እንዲቀር ሲደረግ ቈይቷል፤ ይህም እንደ ርኅራኄ ተቈጥሯል። ከሒሳብ የቀረ ልጅ ግን ከንግድ መዝገብ፥ ከባንክ፥ ከኮምፒዩተር ሥራና ከሳይንስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀርቷል። በኒው ዮርክ በ1918 የተወለደው አብርሃም ኔሜት ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበረ፤ መካሪዎቹም «ሒሳብ ለአንተ አይሆንም» ብለው ወደ ሥነ ልቡና ትምህርት መሩት። እርሱ ግን ኋላ ወደ ሒሳብ ተመልሶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ዓይነ ስውራን ሒሳብ የሚጽፉበትንና የሚያነቡበትን የብሬል ምልክትም አዘጋጅቶ በ1952 አሳተመ። መካሪዎቹን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፥ የተጐዳው እርሱ ብቻ ባልሆነ ነበር።

ሦስተኛ፥ ስለ መሣሪያ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ከእነዚህም አንዱ ኤን ቪ ዲ ኤ የሚባለው፥ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የደከሙበት ሲሆን፥ ሥራው በ2006 ተጀምሮ ለማንኛውም ሰው ያለ ዋጋ ይሰጣል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተሩና የሚያስተምረው ሰው ነው። ይህን መሣሪያ በትምህርት ቤት ያልነካ ወጣት ሥራ በያዘ ማግስት ይችለዋል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ተስፋ ነው።

አራተኛ፥ ሥራን በሥራው ቦታ ስለ መለማመድ ነው። ተማሪው ገና በትምህርት ቤት ሳለ በዕረፍት ወራት ወይም በሳምንት አንድ ቀን በመሥሪያ ቤት፥ በሱቅ፥ በእርሻ ወይም በማተሚያ ቤት ቢሠራ፥ እርሱ ሥራን ያውቃል፤ አሠሪውም እርሱን ያውቃል። በተለይ አእምሮአቸው በዝግታ ለሚቀበል ልጆች ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሥራው በትንንሽ ክፍል ተከፍሎ፥ አንድ አሳዪ ሰው በዚያው ቦታ አብሮ እየዋለ ደጋግሞ ያስተምራቸዋል፤ እነርሱም እየቻሉ ሲሄዱ አሳዪው ቀስ በቀስ ይርቃል። በዚህ መንገድ አይችሉም የተባሉ ብዙ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ደመወዝተኛ ሆነዋል።

ይህ ሁሉ እንዲፈጸም ኀላፊው ማን ነው? በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። በዚያ ሕግ መሠረት ተማሪው 16 ዓመት ሳይሞላው ከትምህርት ቤት በኋላ ስለሚሆነው ኑሮው ዕቅድ በጽሑፍ ይዘጋጃል፤ ዕቅዱም ስለ ቀጣይ ትምህርቱ፥ ስለ ሥራውና እንደ አስፈላጊነቱ ራሱን ችሎ ስለሚኖርበት ሁኔታ ይናገራል። ተማሪው ራሱም ወደ ስብሰባው ይጠራል። በዚያም አገር ቢሆን ሥራ ያጣ አካል ጉዳተኛ ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን አሳቡ መልካም ነው፤ ዕቅዱን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ታውቋል፤ ጊዜውም ተወስኗል፤ ተማሪውም ስለ ራሱ ይናገራል።

እኛም ሕግ አላጣንም። ሕገ መንግሥታችን በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቍጥር 568 ደግሞ በአካል ጉዳት ምክንያት በሥራ ላይ ልዩነት እንዳይደረግ ከልክሏል፤ አሠሪውም የሥራውን ቦታና መሣሪያ እንዲያመቻች አዝዟል። ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ባገኙ ጊዜ ለአካል ጉዳተኛው ቅድሚያ እንዲሰጠውም ወስኗል። ተበደልሁ ብሎ በከሰሰ ጊዜም የማስረዳቱን ሸክም በተከሳሹ ላይ አድርጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ አጽድቃለች።

ይሁን እንጂ ሕግ በሩን ይከፍታል እንጂ ሰውን እጁን ይዞ እስከ በሩ አያደርስም። ልማድም ከሕግ ኋላ ቀስ ብሎ የሚከተል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ሳለ፥ ስድቡ ከአንደበት ለመጥፋት ስንት ዘመን እንደ ፈጀ ሁላችንም እናውቃለን። አካል ጉዳተኛ ሥራ አይችልም የሚለው ልማድም እንዲሁ በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አይደለም፤ ሠርቶ ባሳየ ሰው ምስክርነት ነው እንጂ። የዚህም ምስክር አልጠፋም። በልጅነቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው የወሎ ተወላጅ የትነበርሽ ንጉሤ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፥ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመድከሟ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀብላለች። ነገር ግን አንድ ዛፍ ደን አይሆንም። እጅግ ብርቱ የሆነው ሰው ብቻ የሚሻገረው ወንዝ ድልድይ ያስፈልገዋል።

«ሙሉ አካል ያላቸው ወጣቶች እንኳ ሥራ ባጡበት ዘመን ይህን ሁሉ ማሰብ ከአቅም በላይ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሥራ እጦቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ሲሆን፥ አካል ጉዳተኛው ወጣት ሳይዘጋጅ ከወጣ ከዚያ ተራ ውስጥ እንኳ አልገባም። ደግሞም ወጪው የቱ እንደሚበልጥ ይመዘን፤ አንድን ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሮ ቀሪውን ዕድሜውን ሁሉ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ከማኖር ይልቅ፥ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ጥቂት ጨምሮ ራሱን እንዲችል ማድረግ ይረክሳል።

ራስን መቻል ስንልም ብቻውን የሚኖር ሰው ማለታችን አይደለም። በአገራችን ብቻውን የሚኖር ማን ነው? ገበሬው በደቦ ያርሳል፤ ነጋዴው በዕቁብ ይጠራቀማል፤ ሐዘንተኛው በዕድር ይጽናናል። ራሱን የቻለ ሰው የምንለው በዚህ ማኅበር ውስጥ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚያዋጣም የሆነውን ነው። አካል ጉዳተኛው ወጣት የዕድሩን መዋጮ ከደመወዙ የሚከፍልበትና ጎረቤቱ ሲያዝን ተራውን የሚያጽናናበት ቀን፥ ሙሉ ሰውነቱ በሰው ፊት የታወቀበት ቀን ነው።

እንግዲህ ለየወገኑ የሚገባውን ተናግረን እንፈጽም። የትምህርት ሹማምንት ሆይ፥ እያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ስለ ወደ ፊት ሥራውና ኑሮው የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖረው፥ የሚከታተለውም አንድ መምህር በስሙ እንዲመደብ አድርጉ። የሥራ ጉዳይ ሹማምንትም፥ ወጣቱ ማስረጃ ይዞ ደጃችሁን እስኪያንኳኳ ሳትጠብቁ ትምህርቱን ከመጨረሱ ከሁለት ዓመት በፊት መዝግባችሁ እወቁት። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አለቆችም፥ ለመለማመድ የሚመጣውን ተማሪ ለጥቂት ወራት ተቀበሉ፤ የምትፈሩትም ነገር አብራችሁ ስትውሉ አብዛኛው ይጠፋል።

የቤተ ክርስቲያን ካህናትና ሊቃውንት ሆይ፥ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ የተጻፈውን፥ በመቅደስ ደጅ ተቀምጦ ይለምን የነበረውን ሰው ታሪክ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያ ሰው የለመነው ምጽዋት ነበር፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ግን እጁን ይዞ አስነሣው፤ እርሱም ከደጅ ተነሥቶ ከሐዋርያት ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ተአምራቱ የእግዚአብሔር ነው፤ እጅ ይዞ ከደጅ ወደ ውስጥ ማግባት ግን ለእኛም የተተወ ሥራ ነው። ምጽዋት መስጠት ይቅር አንልም፤ የተራበ ሰው ዛሬ መብላት አለበትና። ነገር ግን የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ሲጐበኝ የተሸሸገውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንዲያወጡት ቢመክር፥ ሰበካ ጉባኤውም ተምሮ ለተዘጋጀው ወጣት በጽሕፈት ቤቱ ሥራ ቢሰጠው፥ ይህ ምጽዋት ለዘወትር የሚመግብ ይሆናል።

በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ ትምህርት ቤት ሁሉ ስንት ተማሪ እንዳለፈና እንደ ወደቀ ይጠየቃል። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ ደጅ የወጡት አካል ጉዳተኞች ተማሪዎች ዛሬ የት ናቸው? ምን ይሠራሉ? ከማን ጋር ይኖራሉ? ለዚህ ጥያቄ በስምና በቦታ መመለስ የቻለ ትምህርት ቤት በእውነት አስተምሯል፤ መመለስ ያልቻለውም ጥያቄው በየዓመቱ እንደሚመጣበት ካወቀ፥ መልሱን ለማዘጋጀት ዛሬ መነሣቱ አይቀርም።